ማገልገል፥ ከማዕድ እስከ ሕዝብ

በአማርኛ «አገልግል» ተብሎ የተጻፈ ቃል ለብቻው ቢገኝ፥ አንባቢው በሁለት መንገድ ሊተረጉመው ይችላል። አንደኛው «ታዘዝ፥ ሥራ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው መንገደኛ ስንቁን የሚይዝበት፥ በቆዳ የተለበጠ፥ ክዳን ያለው ስፌት ነው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ለቃላት ዝምድና ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ምግብና አገልግሎት ምን ያህል እንደተቀራረቡ ለማሰብ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ ማገልገል የሚለውን ቃልና ጎረቤቶቹን በየሥራ ቦታቸው መመልከት ነው። ለመለያ የተመረጠው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ይኸውም «አገልግሎት ሲሰጥ ማን ይቆማል? ማንስ ይቀመጣል?» የሚል ነው።

1ኛ/ በማዕድ። አማርኛ በማዕድ ላይ «አገለገለ» የሚለውን ግሥ ብዙ አይጠቀምበትም፤ እያንዳንዱን ሥራ በስሙ ይጠራዋል እንጂ። ሰው እጅ ያስታጥባል፥ እንጀራ ያቀርባል፥ ወጥ ያወጣል፥ ጠላ ይቀዳል፥ ወዳጁን ያጎርሳል። በቀድሞው ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ግብር ላይ ጠጁን ለተጋባዦች የሚያዳርሰው ሰው አሳላፊ ይባል ነበር። እንግዳ መቀበል ደግሞ ማስተናገድ ይባላል። ይህ ግሥ እንግዳ፥ መንገድና ነጋዴ ከሚሉት ቃላት ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው፤ በግእዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ ማለት ነውና። እንግዲያስ ማስተናገድ በመጀመሪያ ነገሩ መንገደኛን ማሳረፍ ነው።

በማዕድ ላይ የሚያገለግለው ይቆማል፥ የሚገለገለው ይቀመጣል። ሆኖም መቆም ሁሉ አንድ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ቆሞ «ብሉ እንጂ፥ በሞቴ!» እያለ ሲለምን ክብሩ ከፍ ይላል። አሽከሩ ግን በዚያው ቦታ፥ ያንኑ ጠላ ይዞ ቢቆም ክብር አይጨመርለትም። ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ሳይሆን ከተራው ነው። ባለቤቱ ነገ በእንግዳው ቤት ተቀምጦ ይበላል፤ አሽከሩ ግን የመቀመጥ ተራ አይደርሰውም።

2ኛ/ በቤተ ክርስቲያን። ዲያቆን የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው አገልጋይ፥ በተለይም በማዕድ ፊት ቆሞ የሚያሳልፍ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፥ ሰባቱ የተመረጡት በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶች ችላ ተብለዋል የሚል ማጉረምረም ስለተነሣ ነበር። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚቀድሱት አምስቱ፥ ማለት ሁለቱ ካህናትና ሦስቱ ዲያቆናት፥ ልኡካን ይባላሉ፤ ይህም «የተላኩ» ማለት ነው። በግእዝ «ተልእከ» የሚለው ግሥ ተላከ ማለትም፥ አገለገለ ማለትም ይሆናል። እዚህ ላይ ሦስተኛ ዓይነት አቋቋም እናገኛለን፤ የሚያገለግለውም ሕዝቡም አብረው ይቆማሉ።

3ኛ/ በጎረቤት። በወንፈል ገበሬዎች ዛሬ የአንዱን፥ ነገ የሌላውን እርሻ ይሠራሉ። በደቦ ባለ እርሻው የመጡለትን ሰዎች ያበላል፥ ያጠጣል፤ እነርሱ በጉልበት ያገለግሉታል፥ እርሱ በማዕድ ያገለግላቸዋል። በዕድርም ዛሬ ድንኳን የሚተክለው ሰው፥ ነገ ሐዘን ሲደርስበት ሌሎች ይተክሉለታል። በእነዚህ ሁሉ የመቆምና የመቀመጥ ተራ ስለሚዞር፥ ማንም «አገልጋይ» የሚል የዘወትር ስም አይወጣለትም።

4ኛ/ በመሥሪያ ቤት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ በአገራችን ሥራ የጀመረው የሹመት ስም፥ በላቲን ትርጓሜው አገልጋይ ማለት ነው። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ «ባለጉዳይን ማስተናገድ» እንላለን። ነገር ግን የማዕዱ ሥርዓት በመስኮቱ ላይ ተገልብጦ ይገኛል፤ አገልጋዩ ተቀምጧል፥ ተገልጋዩ ቆሟል። ቃሉ ከእንግዳ መቀበያ ቤት ተወሰደ፤ ልማዱ ግን ከደጅ ጥናት የተወረሰ ይመስላል። ወንበር መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የቆመውን ሰው እንግዳ ብሎ ጠርቶ እንደ ለማኝ ማየት ነው።

5ኛ/ በተማሪው ዘንድ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ይሰማሩ ነበር፤ አብዛኞቹም በጠቅላይ ግዛቶች አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ሁለቱም «የተላኩ» ነበሩና የግእዙ ትርጓሜ ይስማማቸዋል። ዛሬም የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛ ተግባር ሆኖ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ ጥያቄያችንን ወደ ራሳችን እንመልሰው። ተማሪ ወደ ገጠር ሲሄድ ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጡት፥ እግሩን የሚያጥቡት፥ ለልጆቻቸው ያልበቃውን እንቁላል የሚያቀርቡለት እነማን ናቸው? እርሱ «ላገለግል መጣሁ» ይላል፤ ተቀምጦ የሚስተናገደው ግን እርሱ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ተራ መግባት ነው። ነውሩ የተቀበሉትን ሳይቈጥሩ የሰጡትን ብቻ መቍጠር ነው። በምናቀርበው ዘገባ ስንት ሰው እንዳስተማርን እንጽፋለን፤ ከሰዎቹ ምን እንደተማርንና ከመሄዳችን በፊት ምን እንደጠየቁን ግን ብዙ ጊዜ አንጽፍም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። በየአገልግሎቱ ዘገባ ላይ ሁለት ርእሶች ቢጨመሩ መልካም ነው፤ አንደኛው «ሕዝቡ ምን ጠየቀ?» ሁለተኛው «ሕዝቡ ምን ሰጠን?» የሚሉ ናቸው። ጥሩ አስተናጋጅ ወጥ ከማውጣቱ በፊት እንግዳው ጾመኛ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃልና። ሳይጠይቅ የሚያቀርብ ሰው ቆሞ ቢውልም አገለገለ አይባልም።