አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፦ የኮሚዩኒኬሽን ማይነር ስንት ያወጣል?

እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን የዚህን ጣቢያ ወጪ በአብዛኛው የሸፈኑት ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት ሐሳቡን እንደ ቅዠት የቆጠሩት ብዙዎች ነበሩ። ዕውቀቱ ያላቸው ሰዎች ገንዘቡ ያላቸውን ማሳመን ባይችሉ ኖሮ ጣቢያው እስከ ዛሬም ከወረቀት ባላለፈ ነበር።

ከተራራው በታች በየካ ክፍለ ከተማ የሚነግዱ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። ሾላ ገበያ ቅቤ የሚሸጠውም ሆነ ሲኤምሲ አካባቢ ቤት የሚያሻሽጠው ደላላ፣ ዕቃን ማወቅ አንድ ነገር፣ ስለ ዕቃው መናገር ሌላ ነገር መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ ግን የመጀመሪያውን ብቻ እንዲማር ያደርጋል። ሁለተኛውን በማይነር መልክ ማስጨመር ያዋጣ እንደሆነ ማስላት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ማይነር ማለት ከዋናው የትምህርት ዘርፍ ጎን ለጎን በሌላ ዘርፍ የሚወሰዱ ጥቂት ኮርሶች ናቸው። በአሜሪካ 120 ክሬዲት ገደማ ለሚጠይቅ ዲግሪ ማይነሩ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 21 ክሬዲት ይይዛል። ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሜጀርና ማይነር ይዞ መመረቅ የተለመደ ነበር፤ በተለይ መምህር የሚሆን ሰው በሁለት የትምህርት ዓይነት ይዘጋጅ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የብዙ ዘርፎች ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ሲያጥር ለተጨማሪ ኮርስ የሚሆነው ቦታ ጠበበ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት በሁለት ክፍል እንዲሰጥ ተደረገ። ይህ ለመነሻ ይበጃል፤ ለገበያ ግን አይበቃም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ተመራቂውን የሚመዝነው በዋናው ዘርፉ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ተማሪው ጊዜውን ሁሉ በሜጀሩ ላይ ቢያውል አይፈረድበትም። ቀጣሪው ዘንድ ሲደርስ ግን ፈተናው ሌላ ነው። ፈተናውን ያለፉ ብዙ የሒሳብ ምሩቃን ለአንድ ቦታ ሲያመለክቱ፣ የኪሳራውን ምክንያት ለሥራ አስኪያጁ በአንድ ገጽ ጽፎ ማስረዳት የሚችለው ይለያል።

የካፒታል ገበያው ደግሞ ይህን ፍላጎት አጠንክሮታል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ድርጅት የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማውጣት አለበት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እያንዳንዱን በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሽያጭ ሲያቀርብ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ የገዙትም 47 ሺሕ ያህል ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። አክሲዮን ምን እንደሆነ፣ ትርፉና ሥጋቱ የት ላይ እንደሆነ ለተራው ቆጣቢ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ግን አያጠያይቅም። ይህ ሰው ፋይናንስ ሳያውቅ ቢናገር ያሳስታል፤ አውቆ መናገር ካልቻለም ገዢ አያመጣም።

ይህ ሁሉ ሲባል ማይነር ሁሉ ያተርፋል ማለት አይደለም። የኮሚዩኒኬሽንን ንድፈ ሐሳብ ብቻ አስጠንቶ የሚያስመርቅ ከሆነ በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ከመጨመር አያልፍም። ወላጅም ተማሪም ገንዘብና ጊዜ ከማውጣታቸው በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ቢያዩ ይበጃል። ሪፖርትና የንግድ ደብዳቤ መጻፍ፣ በሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት፣ ድርድር፣ የሚዲያ ሕግ ካሉበት ዋጋ አለው። በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በእንግሊዝኛም የሚያሠራ ከሆነማ የበለጠ ነው፤ የአዲስ አበባ ገበያ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይነግድምና።

ዩኒቨርሲቲው ማይነር የማይሰጥ ከሆነም ተማሪው በምርጫ ኮርሶች፣ በክርክር ክበብና በክረምት የተግባር ልምምድ ሊተካው ይችላል። ቀጣሪ የሚጠይቀው የማይነሩን ስም ሳይሆን የተጻፈውን ሥራ ነው።

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ጤፉ መኖር አለበት። ሜጀሩ ጤፉ ነው፤ ማይነሩ አፉ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው፣ ሁለቱንም የያዘው ሲሸጥ ቆሞ ማየቱ አይቀርም።