የኢንተርኔት መንገድ መነሻና የጅግጅጋ ከተማ

«አገርዎ ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእንግዳ ሰው ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ያለ የአድራሻ ምድብ ሁሉ መነሻው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ መልሱም ቢ.ጂ.ፒ. በተባለው ሥርዓት መረቦች እርስ በርሳቸው በሚለዋወጡት የመንገድ ማስታወቂያ ውስጥ ይገኛል። የአሜሪካው የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲና የአውሮፓው ራይፕ ማስታወቂያዎቹን በመዝገብ እየሰበሰቡ ለፈለገ ሁሉ በነፃ ይሰጣሉ።

አነባበቡ ከባድ አይደለም። በአንዱ መሥመር ላይ አስቀድሞ የአድራሻው ምድብ፥ ቀጥሎም ማስታወቂያው ያለፈባቸው መረቦች ቁጥር በተርታ ይሰፍራል። በስተቀኝ መጨረሻ ያለው ቁጥር የመነሻው ነው። ያው ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ቢገኝ፥ መንገዱን ሆን ብሎ ለማስረዘም የተደረገ ስለሆነ እንደ አንድ ይቆጠራል። የመጨረሻው ቁጥር 24757 ከሆነ ባለቤቱ ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ከርሱ በፊት 30990 ቢታይ ማስታወቂያው በጂቡቲ ቴሌኮም በኩል ማለፉን እናውቃለን።

ይሁንና መዝገቡ የሚጽፈው የተነገረውን ነው። በ2000 ዓ.ም. በየካቲት ወር የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ሲል የዩቲዩብን አድራሻ የራሱ አስመስሎ ቢያስታውቅ፥ ወሬው ከአገር ወጥቶ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። በመሥመሩ መጨረሻ 36561 መሆን የሚገባው 17557 ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ጅግጅጋ እንሂድ። የጅግጅጋ፥ የቀብሪ በያህ ወይም የሺኒሌ ነዋሪ በኢትዮ ቴሌኮም መሥመር ኢንተርኔት ሲከፍት መነሻው 24757 ነው፤ የጎንደሩም ሰው እንደዚሁ። መዝገቡ ድርጅትን እንጂ ከተማን አያውቅምና። በቶጎ ውጫሌ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ነጋዴ በ24757 ሲታወቅ፥ ከወዲያ ያለው በሀርጌሳ ኩባንያ ስለሚገለገል ቁጥሩ ሌላ ነው። ድምፅ የሚሰማሙ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሳለ ጅግጅጋና ጎንደር አንድ ሠፈር ሆኑ ማለት ነው!

ይህ ለጨዋታ ያህል የተነገረ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በጅግጅጋ ሁከት በተነሣ ጊዜ በሶማሌ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በአንድ ክልል ብቻ የሚደረግ መቋረጥ በድርጅቱ የውስጥ መረብ ሊፈጸም ስለሚችል፥ ምድቡ ለዓለም መታወቁን ላያቆም ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ አይቶ «መሥመሩ ደኅና ነበር» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት ሹም፥ ቤተሰቡን ማግኘት ያቃተውን ሰው ሐሰተኛ ያደርገዋል።

የከተማውን ሁኔታ ማወቅ የሚቻለው እዚያው ከተማው ውስጥ በመለካት ነው። ራይፕ አትላስ የሚባለው ሥራ ለዚሁ የሚሆን፥ በእጅ መዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ለፈቃደኞች ያድላል፤ መሣሪያውም ቀንና ሌሊት አጫጭር መልእክት እየላከ መልስ መምጣት አለመምጣቱን ይመዘግባል። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ሊያኖረው ይችላል፤ የሚያስፈልገው የመብራት ሶኬትና የኢንተርኔት መሥመር ብቻ ነው።