ዘንዶውን የሚቀልበው ደሞዝ ነው

አነቃቂ ንግግር አድራጊዎቻችን የሃሪ ፖተሯን ደራሲ የጄ. ኬ. ሮውሊንግን ታሪክ ይወዱታል። ሲተርኩት እንዲህ ነው፦ አንዲት ድሃ እናት ሁሉን ትታ ካፌ ውስጥ ተቀመጠች፤ ጻፈች፤ ሃብታም ሆነች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረው «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? መመለሻ እንዳይኖርህ መርከብህን አቃጥል!» ይላሉ። ጭብጨባው ይቀልጣል።

ካጨበጨቡት አንዱን አውቀዋለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ማታ ማታ ስለ ዘንዶዎችና ባሕር ስለዋጠው መንግሥት ፋንታሲ ልብ ወለድ ይጽፋል። ያነበብኩለት ጥቂት ምዕራፍ ደስ ይል ነበር። «እውነተኛ ደራሲ ቢሮ አይገባም» የሚለው ወሬ ገባውና የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስገባ። የቆጠበው እስኪሟጠጥ ጻፈ። ብሩ ሲያልቅ ግን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ዘንዶውን ሳይሆን አከራዩን ሆነ። ዛሬ ሌላ ሥራ ይዟል፤ መጽሐፉን ሲያነሱበት ግን ወሬ ይቀይራል።

እስቲ የሮውሊንግን ነገር እንደተፈጸመው እንናገረው። ሃሪ ፖተርን ያሰበችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም የፈረንጅ ናቸው)። ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብዙውን የሠራችው ፖርቱጋል ውስጥ ማታ እንግሊዝኛ እያስተማረች፣ ቀን እየጻፈች ነው። ኤድንበራ ውስጥ በመንግሥት ድጎማ የኖረችው ለመጻፍ ብላ ሥራ ስለለቀቀች አይደለም፤ ትዳሯ ፈርሶ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ስለተመለሰች ነው። እዚያም ሆና የመምህርነት ሥልጠና ተከታትላ ጨርሳለች። መጽሐፉ በ1997 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት 500 ቅጂ ነበር። ድርሰቷን የተቀበለላት የብሉምስበሪ አሳታሚ አርታኢ ባሪ ከኒንግሃም ምን ብሎ መከራት? የልጆች መጽሐፍ እንጀራ አይሆንምና ቋሚ ሥራ ፈልጊ! ይህችን ክፍል መድረክ ላይ ሲናገሯት ሰምቼ አላውቅም። መርከቡን አቃጥሉ የሚሉትም የራሳቸውን ገቢ ከመግቢያ ቲኬቱ ሰብስበው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት።

እርግጥ «ደራሲ ሥራውን ይልቀቅ» የሚለው እምነት ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲደምር ውሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ መሽቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ምን ጉልበት ይቀረዋል? ፋንታሲ ደግሞ ጊዜ በላተኛ ነው። ከተማውን፣ ሕጉን፣ መገበያያ ገንዘቡን፣ አስማቱ የሚችለውንና የማይችለውን ሁሉ ደራሲው ከባዶ ነው የሚሠራው። ሥራ ያለው ሰው ጊዜ ያጥረዋል ቢሉ እቀበላለሁ። ደሞዝ ሲጣል ጊዜ ይገኛል የሚለውን ግን የደራሲዎቹ ኑሮ ራሱ አይደግፈውም።

የፋንታሲ ደራሲውን ቴሪ ፕራቼትን እንመልከት። ጋዜጠኛ ነበር። ከ1980 ጀምሮ በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሥሪያ ቤት የፕሬስ ሠራተኛ ሆነ፤ ስለ ኑክሌር ጣቢያዎቹ ጋዜጠኞች ሲጠይቁ መልስ መስጠት ሥራው ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ 400 ቃል ይጽፋል። 400 ቃል ምንም አይመስልም፤ በየቀኑ ከተጻፈ ግን በዓመት 146,000 ቃል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ዲስክወርልድ የተባለው ተከታታይ ልብ ወለዱ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1983 የወጣው ቢሮ እየገባ ሳለ ነው። ሥራውን የለቀቀው በ1987፣ አራተኛውን መጽሐፍ ከጨረሰ በኋላ ሲሆን ተከታታዩ በመጨረሻ 41 ደርሷል።

ብራንደን ሳንደርሰን ዩታ ውስጥ ተማሪ ሳለ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር፤ ሌሊት ሰው ስለማይበዛ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ የታተመለት «ኢላንትሪስ» ስድስተኛ ድርሰቱ ነው፤ አሳታሚ እስኪያገኝ ድረስ ከአሥር በላይ ጽፎ ነበር። ኦክታቪያ በትለር ዕቃ አጥባለች፣ የድንች ቺፕስ መርምራለች፣ በስልክ ዕቃ ሸጣለች፤ ለመጻፍ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ትነሣ ነበር። ቶልኪን ደግሞ በ1959 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኦክስፎርድ ማስተማሩን አላቆመም። የ«ሆቢት»ን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የጫረው ለተጨማሪ ገቢ ሲል ፈተና እያረመ፣ አንድ ተማሪ ባዶ በተወው ገጽ ላይ ነው። «ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ን የተቀበለው አሳታሚም ኪሳራ ስለፈራ ቅድሚያ ክፍያ አልሰጠውም፤ ትርፍ ከመጣ ለመካፈል ብቻ ነው የተስማሙት። ፕሮፌሰሩ ያንን ውል የፈረመው ደሞዝ ስለነበረው ነው።

የለቀቁም አሉ። ኤን. ኬ. ጀሚሲን በ2016 ሥራዋን ስትተው በርካታ መጻሕፍት አሳትማለች፤ የለቀቀችውም አንባቢዎቿ በየወሩ ገንዘብ ሊያዋጡላት ቃል ከገቡ በኋላ ነው። ኡርሱላ ለ ጉዊን ሦስት ልጆች እያሳደገች፣ ልጆቹ ሲተኙ ትጽፍ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ባሏ ደሞዝ ነበረ። ደሞዙ የግድ የጸሐፊው ላይሆን ይችላል፤ ኪራዩን ግን የሆነ ሰው መክፈል አለበት። ሥራም፣ ትንንሽ ልጆችም ኖረዋት፣ አጋዥ የሌላት እናት በዚህ ሁሉ ምሳሌ ምን ያህል እንደምትጠቀም ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ለእሷ 400 ቃልም ቅንጦት ሊሆን ይችላል።

ስለ ደራሲነት የሚወሩት ሌሎቹ ተረቶች ለማፍረስ ይህን ያህል አያደክሙም። «ፋንታሲ ፈጠራ ስለሆነ ጥናት አያስፈልገውም» ይባላል። ቶልኪን የጨረቃዋን ዕድሜ ከዕለቱ፣ የመንገደኞቹን ጉዞ ከካርታው ርቀት ጋር ያስተካክል ነበር። ለ ጉዊንም የምናብ ዓለሟን የኤርዝሲን ደሴቶች ካርታ የሣለችው ታሪኩን ከመጻፏ በፊት ነው። «መንፈሱ ሲመጣ ነው የሚጻፈው» ለሚሉት የፕራቼት ማታዎች በቂ መልስ ናቸው። «ሳይመረቅኑ ምናብ የለም» የሚል ደግሞ ሌሊት በጫት የጻፈውን ጠዋት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። «ሙሉ ጊዜውን የሰጠ ደራሲ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል» የሚለውም ሐሰት ነው፦ አርትኦት አለ፣ እርማት አለ፣ ውል አለ፣ የአሳታሚ ደብዳቤ አለ። ቶልኪን ለታይፒስት የሚከፍለው ስላልነበረው ያንን ግዙፍ ድርሰት ራሱ ነው በታይፕ የመታው።

እኛ ዘንድም ልማዱ አዲስ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሰው ነበር። ፋንታሲ አይጻፉ እንጂ የሁለቱም የመጀመሪያ ልብ ወለዶች ከሥራቸው ጎን ለጎን የተወለዱ ናቸው። የመልቀቂያ ደብዳቤ እያረቀቃችሁ ያላችሁ ወጣት ጸሐፍት አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ እዚህ አገር አብዛኛው ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ወጪ ነው። ዘንዶው ተጽፎ ሲያልቅ የማተሚያ ቤቱን ቅድሚያ ክፍያ የምትከፍሉት ከዚያችው ደሞዝ ነው።