የማይስተካከል ማነጣጠሪያ ሲስት፦ ሞረድ ከማንሣት በፊት

የዛሬው ርእሴ ከፊዚክስ ክፍል ይልቅ ለአንጥረኛ ቤት የቀረበ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ግን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ዳንግላን ለቆ ሲወጣ በጎጃም አርበኞች እጅ የገባው መሣሪያ ጥቂት አልነበረም። በዚያ ዘመን የጣሊያን ሠራዊት ይታጠቃቸው ከነበሩት አንዱ ቦዴዮ የተባለው ሪቮልቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣ፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ስድስት ጎራሽ። የፊቱ ማነጣጠሪያ ጉብታ፣ የኋላው ስንጥቅ ብቻ ነው፤ የሚዞር ብሎን የለውም። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ዒላማውን ሲስት ባለቤቱ እቤቱ ሞረድ ያነሣል። እኔም እዚህ ላይ ቆም በሉ እላለሁ።

በመጀመሪያ ስሕተቱ የማን ነው? እጅን አስደግፎ፣ ባንድ ነጥብ ላይ እያነጣጠሩ አምስት ጊዜ መተኮስ ይበቃል። ምቶቹ ከተበታተኑ የዘፈቀደ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ቃታውን የሚስበው ጣት ነው፤ ይህን ደግሞ ሞረድ አያርመውም። ተቀራርበው ግን ከነጥቡ ርቀው ካረፉ ስልታዊ ስሕተት አለ ማለት ነው። በቤተ ሙከራችሁ ይህን ልዩነት የምትማሩት ለፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው ጥይቱ ነው። ጥይት ከአፈሙዝ ሳይወጣ ሽጉጡ በእጅ ውስጥ ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል። ስለዚህ የሪቮልቨር የፊት ጉብታ ሆን ተብሎ ረዘም ይደረጋል፤ ከመተኮሱ በፊት በርሜሉ ከዕይታው መሥመር ጥቂት ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ከባድና ዘገምተኛ ጥይት በበርሜሉ ውስጥ ስለሚቆይ በቅርብ ርቀት ከፍ ብሎ ይመታል፤ ቀላልና ፈጣኑ ዝቅ ይላል። የጥይቱን ክብደት ሳይመረምር ብረት የሚሞርድ ሰው የጥይትን ጥፋት በሽጉጥ ላይ ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ስሕተቱ ከቀረ ስሌቱ የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ነው። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር፣ ዒላማው በ25 ሜትር፣ ምቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን። 10 ሲባዛ በ15፣ ሲካፈል ለ2500፣ 0.06 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፊቱ ጉብታ የሚነሣው 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ስለዚህ ግማሹን ሞርዶ፣ ተኩሶ አይቶ፣ ከዚያ መቀጠል ነው። ከፍ ብሎ የሚመታውን ለማረም ግን ጉብታው መርዘም አለበት፤ ሞረድ ደግሞ ብረት አይጨምርም።

ወደ ጎን የሚስተው ከሁሉ ይከፋል። በርሜሉ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ ነውና ከልክ በላይ ወይም በታች ከዞረ የፊቱ ጉብታ ይዘምማል፤ ወደ ቀኝ ከዘመመ ምቱ ወደ ግራ ይሄዳል። በቤት ውስጥ በርሜሉን በሞርሳ አስሮ፣ በሽጉጡ አካል መስኮት ዘንግ አስገብቶ መጠምዘዝ ቀላል ይመስላል። የሚጣመመው ግን አካሉ ነው። ያን ጊዜ ተሽከርካሪው የጥይት ጎተራ ከበርሜሉ ጋር አይገጥምም፤ ጥይቱ የበርሜሉን ጠርዝ እየፋቀ ሲገባ የእርሳሱ ፍንጣሪ በጎን ይወጣል፤ የሚያገኘውም አጠገብ የቆመውን ሰው ነው። ይህ ሥራ ለሙያው ልዩ መያዣ ላለውና ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው። መሣሪያውን ለመያዝም ቢሆን የአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።