የተወደደ መጫወቻን መልክ መቀየር ምን ያስከፍላል?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ድረስ ከተሠሩት የንግድ ማዕከላት መካከል አንዱን ወለል ለልጆች መጫወቻ ያዋሉት ጥቂት አይደሉም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ተመሳሳይ ነው። የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ የሚጋጩ ትንንሽ መኪኖች፣ ሸርተቴ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከውጭ አገር ፊልም ተቀድተው በቀለም የተሣሉ ገጸ ባሕርያት። ቀለሙ በአንዳንዱ ቦታ ተልጧል። የፈረሱ ጆሮ ተሰብሯል። ልጁ ግን ያንኑ ፈረስ ነው የሚመርጠው፤ ባለፈው ሳምንትም የተቀመጠው እዚያው ላይ ነበርና።

እንዲህ ያለውን ቤት በእጁ የያዘ ወይም ከሌላ ለመግዛት ደላላ ያቆመ ባለሀብት ዛሬ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ማሽኑን ልለውጥ ወይስ መልኩን ብቻ?

ጥያቄውን ያከበደው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ለምሳሌ ያህል 40 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መጫወቻ ቢኖር፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ በፊት 2 ሚሊዮን 280 ሺህ ብር ይበቃው የነበረው በ100 ብር ሒሳብ 4 ሚሊዮን ይጠይቃል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ አሮጌውን ማሽን አስጠግኖ አዲስ ልብስ ማልበስ ለብዙው ነጋዴ የተሻለ አማራጭ መስሎ ይታያል። ቀለም፣ ፋይበር ግላስ፣ ጥቂት መብራትና አዲስ ሙዚቃ ሲገዛ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል።

ይሁን እንጂ ሰው የወደደውን ነገር መልክ መቀየር በወረቀት ላይ እንደሚታየው ርካሽ አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የሚገኘው ገንዘብም ባለሙያም በማይቸግረው በአሜሪካው ዲዝኒ ኩባንያ ዘንድ ነው።

ስፕላሽ ማውንቴን ይባላል። ግንድ በሚመስል ጀልባ ተቀምጦ በዋሻ ውስጥ በውኃ ላይ እየተንሳፈፉ ተረት የሚያዩበት፣ በመጨረሻም 16 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወረወሩበት መጫወቻ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1989፣ በፍሎሪዳና በቶኪዮ ደግሞ በ1992 ተከፈተ። ሐሳቡን በ1983 ያመነጨው ቶኒ ባክስተር የተባለው የኩባንያው ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ መነሻው እንደ ማንኛውም ነጋዴ የራስ ምታት ነበር። በፓርኩ ውስጥ ቤር ካንትሪ የሚባለው አንድ ጥግ እንግዳ አይበዛበትም። በሌላ በኩል አሜሪካ ሲንግስ የሚባል፣ በ1974 የተከፈተ የሚዘፍኑ እንስሳት ትርዒት ገበያው እየቀዘቀዘ ነበር። እነዚያ በሞተር የሚንቀሳቀሱ እንስሳት ከመቶ በላይ ናቸው፣ ተሠርተው ያለቁና ዋጋቸው የተከፈለ ነው። ለምን ወደ አዲሱ ዋሻ አይዛወሩም? ተዛወሩም። አንባቢ ልብ ይበሉልን፤ በኋላ ሕዝቡ “አትንኩብን” ያለው መጫወቻ ራሱ ከሌላ መጫወቻ በተነቀለ ዕቃ የተሠራ ነበር። የመርካቶ ነጋዴ ቢሰማው የሚስቅ ይመስለናል።

ችግሩ ያለው ታሪኩ ላይ ነው። መጫወቻው የተመሠረተው ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ በተባለ የ1946 ፊልም ላይ ሲሆን፣ ፊልሙ ጥቁር አሜሪካውያን በደቡብ እርሻዎች ያሳለፉትን ኑሮ አለሳልሶና አሳምሮ በማቅረቡ ገና ሲወጣ ጀምሮ ተወቅሷል። ኩባንያው ራሱ አፍሮበት በአገሩ ለቤት ውስጥ መመልከቻ በካሴት አላወጣውም። ነገር ግን የፊልሙን እንስሳት፣ ኦስካር ያገኘውን ዘፈኑንም ወስዶ ተራራው ውስጥ አስገባቸው። ሕዝቡም ፊልሙን ሳያይ ጥንቸሉን ወደደ።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚገርም ነገር አለ። ያ ጥንቸል በእንግሊዝኛው ብረር ራቢት ይባላል። ብረር ማለት “ወንድም” የሚለው ቃል በደቡብ ጥቁሮች አነጋገር ነው፤ የኛው “አያ ጅቦ” እንደማለት ነው። ተረቶቹም በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘዋቸው የሄዱ፣ በኋላ ጆኤል ቻንድለር ሃሪስ የተባለ ነጭ ጋዜጠኛ ሰብስቦ ያሳተማቸው ናቸው። ደካማው እንስሳ ብርቱውን በብልጠት የሚያሸንፍበትን ተረት እመት ጦጢትን ሰምቶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጥፋቱ የጥንቸሉ አይደለም፤ የተቀመጠበት ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2020፣ የጆርጅ ፍሎይድ መገደል ያስነሳው ተቃውሞ አሜሪካን ሲያናውጥ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው መጫወቻው ይለወጥ አሉ። ኩባንያው በዚያው ወር እንደሚለውጠው አስታወቀ፤ ሥራው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲታሰብበት የቆየ መሆኑንም ገለጸ። አዲሱ ታሪክ ልዕልት ቲያና ሆነ፤ በ2009 በወጣ ፊልም የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት የሆነችው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ለገበያ ሰው ትምህርት ቤት ነው። የፍሎሪዳው በጥር 2023 ሊዘጋ ቀኑ ሲቃረብ ወረፋው በሰዓታት ይቆጠር ጀመር። ከመጫወቻው ቀዳነው የሚሉትን ውኃ በብልቃጥ አድርገው በኢንተርኔት ለሽያጭ ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ዕቃ የመጨረሻ ሳምንቱ ላይ እንዲህ ሲፈለግ ባለቤቱ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም።

ለውጡ የፈጀው ጊዜ ደግሞ ይኸው። ፍሎሪዳ በጥር 2023 ተዘግቶ በሰኔ 2024 ተከፈተ፤ 17 ወር። ካሊፎርኒያ በግንቦት 2023 መጨረሻ ተዘግቶ በኅዳር 2024 ተከፈተ፤ ከ17 ወር በላይ። ተራራው፣ የውኃው ቦይና ያ ቁልቁለት ግን አልተነኩም። የተለወጡት ዋሻው ውስጥ ያሉት ምስሎች፣ ሙዚቃውና ታሪኩ ናቸው። “ቀለም ብቻ ነው” የሚባለው ሥራ ይህን ያህል ጊዜ በሩን ዘግቷል። ሲከፈትም ፍሎሪዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየደጋገመ ይቆም ነበር። ከእንግዶቹም ምስሎቹን አድንቀው ታሪኩ ክፉ ሰው ስለሌለው ቁልቁለቱ ላይ ልብ አይሰቅልም ብለው ያጉረመረሙ አሉ። ትችቱ ለኛ ትክክል ይመስለናል፤ አሮጌው ጥንቸል ወደ ታች የሚወረወረው ቀበሮ ሊበላው ሲል ነበርና ማሽኑና ታሪኩ ተያይዘው ነበር። አዲሱ ባለቤት ቁልቁለቱን ትቶ ምክንያቱን ብቻ ሲያወጣ ተሳፋሪው “ለምን ወደቅን?” ብሎ ይጠይቃል።

የቀለለላቸውም አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፎቅ ወደ ታች የሚለቀቀው የአሳንሰር መጫወቻ በጥር 2017 መጀመሪያ ተዘግቶ በዚያው ዓመት ግንቦት በሌላ ፊልም ስም ተከፍቷል። የኖርዌይ ጀልባ የነበረው የፍሎሪዳ መጫወቻ ደግሞ በጥቅምት 2014 ተዘግቶ በሰኔ 2016 “ፍሮዝን” በተባለው ፊልም ታሪክ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን የብዙ ሰዓት ወረፋ ተሰልፎለታል። ቢሆንም የቀድሞውን የሚናፍቁ ዛሬም አልጠፉም።

ወደ ቦሌ እንመለስ። አዲስ አበቤ የወደደውን ነገር ስም በአዋጅ ስለተለወጠበት ብቻ እንደማይተው ከመንገዶቻችን በላይ ምስክር የለም። ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው መንገድ አፍሪካ ጎዳና ይባላል። ታክሲ ረዳቱ ግን የሚጣራው “ቦሌ! ቦሌ!” እያለ ነው። ሃያ ሁለት የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከ22 ቁጥር አውቶቡስ መዞሪያ እንደሆነ ይነገራል፤ መንገዱ በኃይሌ ገብረሥላሴ ቢሰየምም ሰፈሩ ቁጥሩን አልለቀቀም። መስቀል አደባባይም በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ስሙ ተመልሷል። የልጆች መጫወቻም እንዲሁ ነው። ለብዙ የቦሌ ልጅ ቦራ የሚለው ስም ወይም የኤድና ሞል የመጫወቻ ወለል ከልደቱና ከበዓል ልብሱ ጋር አብሮ ነው የሚታወሰው። ዛሬ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ያ ልጅ ነው፣ የሚከፍለውም እሱ።

ሕጋችንም ይህን ዓይነት ሀብት ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብር ዋነኛ አካል መልካም ዝና መሆኑን ይደነግግ ነበር። መደርደሪያውና ማሽኑ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። መርካቶ ውስጥ “የቁልፍ” ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብ ውስጥም ከቦታው ሌላ የለመደ ደንበኛ ዋጋ አለበት። የመጫወቻ ቤት ገዝቶ ለዚህ ዝና ገንዘብ የከፈለ ሰው፣ ቁልፍ በተረከበ በሳምንቱ ስሙን ነቅሎ ግድግዳውን ነጭ ሲቀባ ምን ያህሉን በራሱ ሮለር እንደሚያጠፋ ቢያሰላው ይሻላል። ፈረሶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ዋጋቸው ይታወቃል፤ የተሰበረው ጆሮ ያለው ፈረስ ዋጋ ግን የትም ደረሰኝ ላይ አይገኝም።

ከዚህ ሌላ በቦሌ ችግሩ በተቃራኒውም ይመጣል። ዲዝኒ የለወጠው የራሱን ገጸ ባሕርይ ነው። እኛ ግድግዳ ላይ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የማንም ፈቃድ ያልተጠየቀበት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ወጥተው ሳለ ሠዓሊ ጠርቶ “ያችን አይጥ ሣልልኝ” ማለት አልቀረም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመልክታለች። የዚያ ማኅበር አባልነት ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን መቀበልን ይጨምራል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚፋቀው ስለተላጠ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በምትኩ ምን ይሣላል? እዚህ ላይ ቸኩሎ “አገር በቀል” ማለት ቀላል ነው። ቀጭኔዋ ፀሐይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ልጆቻችንን ፊደል ያስተማረች ገጸ ባሕርይ ናት፤ ነገር ግን እሷም ባለቤት አላት፣ ፈቃድ ይጠየቅባታል። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ያወሩልን፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉ የሁላችን አባት ናቸው፤ የሰው መልክ ግን ቤተሰቡን ሳያስፈቅዱ ለንግድ አይሰቀልም። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ግን የሕዝብ ናቸው። ጅቡ የሚያባርራት ጦጣ ሸርተቴው ላይ ብትወርድ፣ ልጁ ለምን እንደሚንሸራተት ያውቃል።

ጊዜውም ሒሳብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ከዚያ እንቁጣጣሽ አለ፣ ቀጥሎ ገናና ፋሲካ። በነዚህ ሰሞን በር ዘግቶ ቀለም መቀባት ዓመቱን መዝጋት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ወይም የዐቢይ ጾም ሳምንታት ይሻላሉ። ባይሆን ወለሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እያሠሩ ግማሹን ማስኬድ ይቻላል፤ ዲዝኒ አንዱን ተራራ ለሁለት መክፈል አልቻለም፣ የቦሌው ባለሱቅ ግን ይችላል።

ውል ላይ ደግሞ የሚዘነጋ ነገር አለ። የቶኪዮውን ስፕላሽ ማውንቴን የሚያስተዳድረው ኦሪየንታል ላንድ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ለዲዝኒ የፈቃድ ክፍያ እየከፈለ የራሱን ንብረት ያስኬዳል። በ2020 ለውጡ ሲታወጅ ቶኪዮ አልተጠቀሰችም፤ በ2024 ሁለቱ አሜሪካ ያሉት በቲያና ስም ሲከፈቱም ጥንቸሉ ቶኪዮ ላይ ቁልቁል መወርወሩን አላቆመም። ማሽኑ የአንዱ፣ ታሪኩ የሌላው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በቦሌ ወለል የሚያከራየው፣ ማሽኑን ያስመጣውና ስሙን ያስመዘገበው ሦስት የተለያዩ ሰዎች የሆኑበት ቤት ሲገጥም፣ ደላላው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት በሽያጩ ውስጥ ስሙ ይግባ አይግባ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠየቅ። የማሽኑ የጥገና መዝገብም አብሮ ይምጣ፤ ሞተሩ ያለቀበትን ፈረስ አዲስ ቀለም አያስኬደውም።