በማረጥ ሽግግር ወቅት የሴቶች የአእምሮ ጤና፦ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ለሚገኙ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

የወር አበባ ጨርሶ መምጣቱን የሚያቆምበት ጊዜ ማረጥ ይባላል። ማረጥ ሴቶች በዕድሜያቸው የሚደርሱበት ተፈጥሯዊ ለውጥ ነው፤ በራሱም በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ማረጥ በሚያደርሱት ዓመታት የሚካሄደው የሆርሞን መዋዠቅ በእንቅልፍ፣ በስሜትና በሐሳብ ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል። በዚህ ወቅት የሚከሰት ድባቴና ጭንቀት «የዕድሜ ነገር ነው» ወይም «ጠባይዋ ተለወጠ» ተብሎ ሲታለፍ፣ ሊድን የሚችል ሕመም ሳይታከም ይቆያል፤ ሴቲቱም ቤተሰቧም ይጎዳሉ። ከዚህ በታች የለውጡ ምክንያት፣ ምልክቶቹ፣ ሕክምናው እንዲሁም አገልግሎቱ በጌዴኦ ዞን ከየት እንደሚጀመር ተብራርቷል።

የማረጥ ሽግግር ምንድን ነው?

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በእርግዝና፣ በጡት ማጥባት ወይም በመድኃኒት ምክንያት ሳይሆን የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ካልመጣ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት የሽግግር ወቅት ናቸው። በዚህ ወቅት የወር አበባ ጊዜውን ያዛባል፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይደጋገማል፣ መጠኑም ይለዋወጣል። የሽግግሩ ርዝመት ከሴት ሴት የሚለያይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በርካታ ዓመታት ይወስዳል።

ዕድሜዋ 40 ዓመት ሳይሞላ የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ምክንያቱን ለማወቅ መመርመር ይኖርባታል። ሁለቱም የእንቁላል ማፍሪያዎቿ በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት ደግሞ ለውጡ በድንገት ስለሚመጣባት ምልክቶቹ ሊበረቱባት ይችላሉ።

ሆርሞን ስሜትን የሚለውጠው እንዴት ነው?

የእንቁላል ማፍሪያዎች ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። በሽግግሩ ወቅት የኤስትሮጅን መጠን በእርጋታ እየቀነሰ አይሄድም፤ አንድ ሰሞን ከፍ፣ ሌላ ሰሞን ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። ኤስትሮጅን ስሜትንና እንቅልፍን በሚቆጣጠሩት እንደ ሴሮቶኒን ባሉ የአንጎል ንጥረ ነገሮች ላይ ስለሚሠራ፣ መዋዠቁ አንዳንድ ሴቶችን ለሐዘን፣ ለብስጭትና ለጭንቀት ያጋልጣል።

ሁለተኛው መንገድ እንቅልፍ ነው። የኤስትሮጅን መለዋወጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ስለሚያውክ ፊትን፣ አንገትንና ደረትን የሚያግል ድንገተኛ የሙቀት ስሜትና ላብ ይከሰታል። ይህ በሌሊት ሲደጋገም ሴቲቱ በቂ እንቅልፍ አታገኝም፤ ቀን ላይ ድካም፣ መርሳት፣ ትዕግሥት ማጣትና ሆደ ባሻነት ይታይባታል።

መቼ ነው ድባቴ የሚባለው?

አልፎ አልፎ መከፋት ወይም መበሳጨት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ሆኖም ቀጥሎ ከተዘረዘሩት ምልክቶች ብዙዎቹ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከታዩና የዕለት ኑሮን ካወኩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• የማያቋርጥ ሐዘን ወይም ባዶነት፤
• ቀድሞ ደስ ይል ለነበረ ነገር፣ ለቡና መጠራራት፣ ለለቅሶና ለሠርግ ሳይቀር ፍላጎት ማጣት፤
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት፤
• የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፤
• ዐቅም ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤
• ራስን መውቀስ፣ ዋጋ የለኝም ብሎ ማሰብ፤
• ሞትን መመኘት።

በአካባቢው ችግሩን የሚያባብሱ ሁኔታዎች

ቀደም ሲል ድባቴ ይዟቸው የነበረ፣ ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ሕመም የገጠማቸው፣ እንዲሁም ሐዘን፣ ጥቃት ወይም መፈናቀል ያሳለፉ ሴቶች በማረጥ ሽግግር ወቅት ለድባቴ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች አካባቢ በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው ነበር። በዚያን ጊዜ ቤተሰብ ወይም ንብረት ያጡ ሴቶች ወደ ማረጥ ዕድሜ ሲደርሱ የቆየው ሐዘን ሊያገረሽባቸው ስለሚችል፣ ያሳለፉትን ለጤና ባለሙያ መናገራቸው ለሕክምናው ይጠቅማል።

የሥራ ጫናም ሌላው ምክንያት ነው። እንሰት መፋቅና ቆጮ ማዘጋጀት በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ አድካሚ ሥራ ነው። በቡና ለቀማ ወራት የቤቱና የማሳው ሥራ ሲደራረብ፣ ሌሊቱን በላብና በሙቀት ሳትተኛ ያደረች ሴት ድካሟ በእጥፍ ይሆናል። ሥራ መቀነሷን «ስንፍና» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው።

ይርጋ ጨፌን የመሰለ የታወቀ ቡና በሚበቅልበት አካባቢ ቡና የማኅበራዊ ሕይወት ማዕከል ነው። በመሆኑም ቡና መጠጣት ለማረጥ ችግሮች መፍትሔ ተብሎ ባይከለከልም፣ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን እንቅልፍ ሊነሳና በአንዳንድ ሴቶች ላይ የሙቀት ስሜቱን ሊያባብስ ይችላል። እንቅልፍ ያጡ ሴቶች ከቀትር በኋላ ቡና ሳይጠጡ በመጠራራቱ ላይ ቢገኙ ይመከራል። ጫትና አልኮልም እንቅልፍንና ጭንቀትን ስለሚያባብሱ ሊወገዱ ይገባል።

ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሌሎች ችግሮች

ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና የስሜት መለዋወጥ ሁልጊዜ ከማረጥ ጋር የተያያዙ አይደሉም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና የስኳር በሽታ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ ምርመራ ያስፈልጋል። በሽግግሩ ወቅት እርግዝና ሊፈጠር ስለሚችልም የወር አበባ ሲዘገይ የእርግዝና ምርመራ ማድረግና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትን ከባለሙያ ጋር ሳይመካከሩ አለማቋረጥ ተገቢ ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ ከ12 ወራት በኋላ እንደገና ደም ከታየ፣ መጠኑ ጥቂትም ቢሆን፣ ካንሰርን ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶችን ለመለየት ሳይዘገዩ መመርመር ግዴታ ነው።

አገልግሎቱ ከየት ይጀመራል?

የመጀመሪያው በር በቀበሌው የሚገኘው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከማኅበረሰቡ የተመለመሉ በመሆናቸው ተገልጋይዋ ችግሯን በጌዴኡፋ ጭምር ልታስረዳ ትችላለች። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትላክ ሴት ምርመራና የምክር አገልግሎት ታገኛለች። ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ የሆነ ችግር ሲያጋጥም ወደ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም ዲላ ከተማ ወደሚገኘው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትላካለች። በዚህም ምክንያት ከጌዴብ፣ ከኮቾሬም ሆነ ከይርጋ ጨፌ የምትነሳ ሴት ዲላ ድረስ ከመጓዟ በፊት በአቅራቢያዋ በሚገኘው ጤና ጣቢያ መጀመሯ ጊዜንና ወጪን ይቆጥብላታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነች ሴት የታደሰ የአባልነት መታወቂያዋን መያዝና የሪፈር ቅደም ተከተሉን መከተል ይኖርባታል። ወደ ተቋሙ ስትሄድ የመጨረሻው የወር አበባ የታየበትን ቀን፣ ምልክቶቹ የጀመሩበትን ጊዜና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ማወቋ ምርመራውን ያፋጥናል። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሆድ ይብሰኛል» ብሎ መናገር በቂ መነሻ ነው፤ ማፈርም አያስፈልግም።

ሕክምናው ምን ያካትታል?

ቀለል ያለ ድባቴ በምክር አገልግሎት፣ በእንቅልፍ ሥርዓት፣ በአካል እንቅስቃሴና በቤተሰብ ድጋፍ ሊሻሻል ይችላል። መካከለኛና ከባድ ሲሆን የንግግር ሕክምና ወይም የድባቴ መድኃኒት ይታዘዛል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ አልታየም ብሎ መተው አይገባም። ሻል ሲልም በባለሙያ ምክር እንጂ በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።

የሙቀት ስሜቱና ላቡ ለበረታባቸው ሴቶች ሐኪም የሆርሞን ሕክምናን ሊያስብ ይችላል። ይህ ሕክምና የጡት ካንሰር ለነበረባቸው፣ በደም ሥራቸው ውስጥ የደም መርጋት ላጋጠማቸው ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ላለባቸው ሴቶች አይመከርም። በመሆኑም ሆርሞን ያለባቸውን እንክብሎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት ወይም ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ አደገኛ ነው። ጸሎትና የእምነት አባቶች ምክር ብርታት የሚሰጡ በመሆናቸው ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊቀጥሉ ይችላሉ።

የቤተሰብ ድርሻ

ባል፣ ልጆችና ጎረቤቶች ለውጡን ቀድመው ሊያስተውሉ ይችላሉ። ከባድ ሥራን መጋራት፣ ሳይቆጡ ማዳመጥ፣ ሌሊት በቂ አየር የሚገባበት መኝታ ማመቻቸትና ወደ ጤና ተቋም አብሮ መሄድ ትልቅ እገዛ ነው። ባሎች ለውጡ ከሰውነት የመነጨ መሆኑን ሲረዱ በቤት ውስጥ የሚነሳ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አንዲት ሴት ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት ከተናገረች፣ ምግብና ውኃ እምቢ ካለች ወይም የሌለ ድምፅ እንደምትሰማ ከገለጸች ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዋ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መወሰድ አለባት። እስከዚያው ብቻዋን አለመተው፣ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችንና መድኃኒቶችን ከአጠገቧ ማራቅ ያስፈልጋል። ስለ ጉዳዩ በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያባብስም፤ ይልቁንም እርዳታ የምትቀበልበትን በር ይከፍታል።