የቤት ትምህርት ስንት ያወጣል?

የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን መግባቱን ተከትሎ መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንደሚቀጥል ተነገረ። መቀጠሉ መልካም ነበር፤ ነፃ ግን አልነበረም። ቀድሞ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይያዝ የነበረው የጥቁር ሰሌዳው፣ የመብራቱና የመጻሕፍቱ ወጪ ከቤተሰቡ የወር አስቤዛ ጋር ተደመረ። ከበርበሬውና ከዘይቱ ጎን የሞባይል ካርድ፣ የፎቶ ኮፒ ሒሳብና፣ አቅሙ ላለው፣ አዲስ ስልክ ተሰለፉ።

በዚህ ወጪ ክፉኛ የተፈተነው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለው ቤት ነው። የታችኛውን ክፍል ልጅ እናት ወይም አባት ሊያስጠናው ይችላል። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ ግን ከብዙ ወላጅ አቅም በላይ ነው። በዚያ ላይ በቤቱ ያለው አንድ ስማርት ስልክ ከሆነ ጧት ከአባወራው ጋር ሥራ ይውላል፤ መምህሩ የላከው ማስታወሻ ማታ ሁሉም ሲደክመው ይከፈታል።

ስልክ ወይስ ወረቀት?

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ስልክ መግዛት ነው። ሆኖም የስልኩ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። በየሳምንቱ የሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ሲደመር ከስልኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክም ሆነ እዚሁ ለሚገጣጠመው ስልክ የሚያስፈልገው ዕቃ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ጭማሪው ሸማቹ ጋ መድረሱ አልቀረም።

ስለዚህ ስሌቱን ከዳታ መጀመር ይበጃል። በካሜራ ተነስቶ በቴሌግራም የሚላክ አንድ ገጽ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜጋ ባይት በታች ነው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ግን፣ እንደ ጥራቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ይበላል። አንድ ቪዲዮ በሚፈጀው ዳታ የአንድ ወሰነ ትምህርት ማስታወሻ በሙሉ ማውረድ ይቻላል ማለት ነው። ቪዲዮን በጽሑፍ ላልገባ ርዕስ ብቻ ማስቀረት፣ በቴሌግራም ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ማድረግ፣ ከባዱንም በሌሊት ጥቅል ማውረድ ወጪን ይቀንሳል። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮ ቴሌኮም ለብቻው ይዞት የነበረውን ገበያ ከተቀላቀለ ወዲህም ጥቅሎችን አወዳድሮ መግዛት ተችሏል።

ወረቀት ደግሞ ባትሪም ኔትወርክም አይፈልግም። ይህ ሰኔ 23 ቀን 2012 በግልጽ ታይቷል። በዚያን ዕለት በአገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡ ለሳምንታት ሲዘልቅ በቴሌግራም ብቻ የሚማር ተማሪ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ማስታወሻውን ቀደም ብሎ ፎቶ ኮፒ ያስነሳ ወይም መማሪያ መጽሐፉ በእጁ ያለ ግን ንባቡን ቀጠለ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ዳታ አይበሉም። ተማሪው በክፍሉ ከ1997 ጀምሮ የሚያውቀው «ፕላዝማ»ም ዘመዳቸው ነው። ችግራቸው አንድ ነው፦ አይጠብቁም፣ አይጠየቁም። ስለዚህ የሥርጭቱን ሰዓት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ አለማዘዝ፣ ያልገባውንም በደብተር ጽፎ ለመምህሩ ማቆየት ያስፈልጋል።

በብር የማይመዘገበው ወጪ

ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ደረሰኝ የለውም፤ እርሱም ጊዜ ነው። ቤት የዋለች ልጃገረድን እንጀራ መጋገር፣ ውኃ መቅዳትና ታናናሾችን መያዝ ይጠብቃታል። ወንዱም ወደ ቀን ሥራ ወይም ወደ እርሻ ይላካል። ቤተሰቡ በዚህ ጥቂት ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ልጆቹ ግን በየቀኑ ሦስት አራት ሰዓት ትምህርት እየከፈሉ ነው።

በመጋቢት 2012 10ኛ ክፍል የነበሩት ተማሪዎች ዓመት ሳይደግሙ የቀጠሉ ከሆነ የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው። ጥር 2015 ውጤታቸው ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስለተሰጠ፣ የትምህርት ጥራቱም ከድሮ የተጓደለ ስለነበረ ጥፋቱን ሁሉ ለወረርሽኙ መስጠት አይቻልም። ያ ትውልድ ያለ መምህር ያሳለፋቸው ወራት ግን ከሒሳቡ አይወጡም።

ጉዳዩ የኮሮና ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተዘግተው የተከፈቱት በ2015 ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በነዚህ አካባቢዎች ኢንተርኔቱም አብሮ ሲቋረጥ ስለታየ በስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ ብዙ አያስኬድም።

እንግዲህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ቤተሰብ በምን ይጀምር? በመጀመሪያ ያገለገለም ቢሆን መማሪያ መጽሐፍና የቀድሞ ፈተናዎች ቅጂ ይግዛ። ቀጥሎ ሬዲዮና የጥናት ፕሮግራም፣ ከዚያ በቁጥር የተያዘ የዳታ ጥቅል ይምጣ፤ አዲስ ስልክ በመጨረሻ ይታሰብ። ስልክ የሌለው ቤትም ብቻውን አይደለም። ሦስት አራት ጎረቤታሞች እንደ ዕቁብ ተሰባስበው በአንድ ስልክ ማውረድ፣ የፎቶ ኮፒውን ሒሳብ መካፈልና ለአንድ አስጠኚ በጋራ መክፈል ይችላሉ። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ የ9ኛ ክፍሉን ቢያስጠና ለራሱም ክለሳ ይሆነዋል።

ለልጅቱም በቀን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ማንም የማይጠራት ጊዜ ይሰጣት። ይህ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ የወላጅ ውሳኔ ብቻ ይበቃዋል።